የጠየቃችሁኝ፦ «125 ፊርማ በአንድ እሑድ»

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። አሜሪካ ከመጣሁ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ ዜግነት ካገኘሁ ደግሞ 11። የፓርኪንግ ጋራዥ ማናጀር ነኝ። ሁለት ልጆች አሉን። በ2027 ለቨርጂኒያ ሃውስ ኦፍ ዴሊጌትስ (ለስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) በግሌ ለመወዳደር አስቤያለሁ። የማንም ፓርቲ ሰው አይደለሁም። ያንገበገበኝ የቤት ኪራይ ነው። በየዓመቱ ውል ሲታደስ እንቅልፍ አጣለሁ።

ጓደኞቼ ሦስት ቦታ ተከፍለዋል። አንዱ ‹ዴሞክራት ሆነህ ተመዝገብና በዚያው ግባ› ይላል። ሁለተኛው ‹ድምፅ ከፋፍለህ ሪፐብሊካን ልታስገባ ነው› ይላል። ሦስተኛው ‹ሀበሻው ብቻ ከመረጠህ ይበቃሃል› ይላል። ባለቤቴ ግን ምንም አላለችም። ዝም ብላኛለች። እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ስሜ የምርጫው ወረቀት ላይ እንዲወጣ 125 ፊርማ ብቻ እንደሚያስፈልግ አንብቤያለሁ። እሱንማ በአንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እጨርሰዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ጋራዡ ነኝ»

ወንድሜ ጋራዡ፣

«በአንድ እሑድ» የምትለው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ባንተ አይደለም የሳቅኩት፣ በራሴ ነው። በ2023 እኔም ልክ እንዳንተ ብዬ ነበር።

አዲስ አንባቢ ካለ፦ እኔ ታክስ እሠራለሁ፤ ኖታሪም (ፊርማና መሐላ አረጋጋጭ) ነኝ። ማኅተሜ ከቦርሳዬ አይወጣም። በዚያ ዓመት አንድ የማውቀው ሰው በግሉ ለዴሊጌት ሊወዳደር ተነሣ። ስሙን አልጠራም፤ አሁንም ስንገናኝ ወሬውን አንወደውም። «አንቺ ኖታሪ ነሽ፣ ሰውም ያውቅሻል፣ ፊርማውን አንቺ ያዢልኝ» አለኝ። እኔም ያዝኩለት።

ከፋሲካ በኋላ ነው የጀመርነው። ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅደን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠረጴዛ ዘርግተን ቆምን። ሰው ተሰለፈ። እውነቴን ነው፣ ተሰለፈ! እናቶች እየመረቁ ፈረሙ። ጎረምሶች እየቀለዱ ፈረሙ። በሁለት እሑድ 143 ፊርማ። «አለቀ» ብለን ቡና አፈላን።

ማታ ቤቴ ገብቼ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ጀመርኩ። የየትኛው ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) ነዋሪ እንደሆኑ ይነግርሃል። ሃያ ዘጠኙ ሜሪላንድ ነው የሚኖሩት። ስምንቱ ዲሲ። ሃምሳ አንዱ ቨርጂኒያ ናቸው፤ ግን ሌላ ዲስትሪክት። ከቀሩት 55 ውስጥ ስልክ ስደውል 17ቱ ወይ ዜጋ አይደሉም ወይ ለምርጫ አልተመዘገቡም። 38 ቀረን።

ማንም አላታለለንም። ሰው ሲወድህ አይጠይቅህም፣ ይፈርምልሃል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እኛም አልጠየቅንም። ቤተ ክርስቲያን ከሲልቨር ስፕሪንግም ከዉድብሪጅም ሰው ይመጣል። ዲስትሪክት ግን እንደ ማኅበር አይደለም። በካርታ ላይ የተሠመረ መስመር ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለ ወንድምህ ላንተ መምረጥ አይችልም። መፈረምም አይችልም።

በዚያ ላይ ካርታው አዲስ ነበር። ከ2020ው ቆጠራ በኋላ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 መጨረሻ ያጸደቀው ካርታ ለዴሊጌቶች ምርጫ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው። ወንበሩ 100 ነው። በአንድ ዲስትሪክት 86 ሺህ ገደማ ሕዝብ አለ። 86 ሺህ ሰው እኛ ሰፈር ብዙ ቦታ አይፈጅም፤ ጥቂት ረጃጅም አፓርትመንቶችና ከጀርባቸው ያሉት መንደሮች ናቸው። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ሕንፃ የእኛ ሆኖ፣ ፊት ለፊቱ ያለው የሌላ ሰው ይሆናል። እኛ ደግሞ በአሮጌው ካርታ ነበር ጭንቅላታችን የሚሠራው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ደጃፍ የወጣነው። አንድ ነገር ላሳይህ።

ሰባተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ በደረጃ ወጥተን ትንፋሻችን ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አንዲት የኤል ሳልቫዶር እናት በሩን በሰንሰለት ያህል ከፈት አድርገው አዩን። የእኛ ዕጩ ስለ ሁለቱ ፓርቲዎች ያጠናውን ንግግር ጀመረ። ሴትየዋ እስኪጨርስ ጠበቁትና «ሊፍቱስ?» አሉት። ስንት ቀን እንደሆነው ጠየቃቸው። አሥራ አንድ ቀን። ጉልበታቸውን አሳዩት። ሰውዬው ንግግሩን ትቶ እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሞ ለሕንፃው ማኔጅመንት ደወለ፤ የሰው ድምፅ እስኪያገኝ ሃያ ደቂቃ ስልኩን ይዞ ቆመ። ሴትየዋ ወንበር አወጡለት። በኋላ ራሳቸው ጎረቤቶቻቸውን እያንኳኩ ጠሩልን። ከአንድ ኮሪደር ዘጠኝ ፊርማ ወሰድን። ዘጠኙም ትክክለኛ ነበሩ። አንድም ሀበሻ አልነበረባቸውም።

እንዲህ እንዲህ እያልን በመጨረሻ 151 ፊርማ ይዘን ገባን። ሬጅስትራር (የመራጮች መዝጋቢ) ቢሮ አጣርቶ 117 አለን። ስምንት ጎደለን። ያ ማክሰኞ ጁን 20 ነበር። ሰዓቱ የሚዘጋው ማታ በፈረንጅ 7 ሰዓት (በእኛ 1 ሰዓት) ነው። በዋዜማው ሰኞ ደግሞ ጁንቲንዝ የሚባለው በዓል ነበር፤ ቢሮ ዝግ። ስምንት ሰው! እኔ በሥራ ቀን በአንድ ሰዓት ስምንት ደንበኛ አስተናግዳለሁ። ግን አልቆ ነበር።

34ቱ ለምን ወደቁ? ይሄን በደንብ ስማኝ። አሥራ አራቱ የወደቁት በአንድ ወረቀት ነው። ፊርማ የሚሰበሰብበት ፎርም ፊትና ጀርባ ያለው አንድ ወረቀት ነው። ጀርባው ላይ አሰባሳቢው «እኔ ዓይኔ እያየ ነው የፈረሙት» ብሎ ኖታሪ ፊት ይምላል፤ ይፈርማል። አንድ ጎበዝ ልጅ አሥራ አራት ሰው አስፈርሞ ጀርባውን ሳይፈርም ሰጠን። እኔ ኖታሪዋ አላየሁትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌሎቹ የተለያዩ ናቸው። ከመስመሩ በአንድ ቤት የወጣ አለ። ምዝገባው የተሰረዘ አለ። «ባለቤቴም ትፈርማለች» ብሎ በእሷ ስም የፈረመ አለ፤ ደግነቱ እንጂ ተንኮሉ አይደለም፤ ግን ወደቀ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልህ። ኖታሪ ነሽ ተብዬ ነው የተጠራሁት አይደል? እኔ ራሴ ያሰባሰብኩትን ወረቀት ግን ማኅተም ልመታበት አልችልም። ራሴን ራሴ ላስምል ነው? ሌላ ኖታሪ ዘንድ ሄጄ፣ ከፍዬ፣ ማልኩ። እንግዲህ ካሰብክበት የፊርማ አሰባሳቢና ኖታሪ ለይተህ ያዝ።

አሁን ወደ ሕጉ። ለዴሊጌት 125 ፊርማ ነው፤ ለስቴት ሴኔት 250። የዲስትሪክትህ የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው የሚፈርመው። ማሰባሰብ የሚቻለው ምርጫው ካለበት ዓመት ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው፤ ዘንድሮ ላይ ለቅመህ ብታስቀምጥ ዋጋ የለውም። ወረቀቱ ከመዞሩ በፊት ስምህ፣ አድራሻህ፣ የምትወዳደርበት ወንበርና ዲስትሪክቱ ከላይ ተሞልቶ ይገኝ። ዕድሜህ 21 መሙላት አለበት፣ ቨርጂኒያ ቢያንስ አንድ ዓመት የኖርክ፣ ዲስትሪክቱ ውስጥ የምትኖር። ይሄ ሁሉ አንተ ጋ አለ። የማመልከቻው ክፍያ ደግሞ ለግል ተወዳዳሪ የለም፤ በፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ምርጫ፣ የሚገቡት ናቸው ከወንበሩ ደሞዝ 2 በመቶ የሚከፍሉት። ፊርማውን የምታስገባው ለከተማህ ሬጅስትራር ነው። የንብረትና የገቢ መግለጫህ ግን ወደ ስቴቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ነው የሚሄደው። የት ምን እንደሚገባ መጀመሪያ ጠይቅ። ቀኑ የጁን ሦስተኛ ማክሰኞ ነው፤ በ2027 ጁን 15 ላይ ይውላል ማለት ነው። አንተ ግን በሜይ አጋማሽ 220 ይዘህ ግባ። 125 ይዞ የሚገባ ሰው እንደ እኔ ወዳጅ ነው የሚሆነው።

ወደ ጓደኞችህ ልምጣ።

የመጀመሪያው «ዴሞክራት ሆነህ ተመዝገብ» ያለህ ሜሪላንድ የኖረ ሰው መሆን አለበት። እዚያ ስትመዘገብ ፓርቲህን ትጠየቃለህ። ቨርጂኒያ ግን መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም። ካርድህ ላይ ምንም የለም። በፈለግከው ፕራይመሪ ገብተህ መምረጥ ትችላለህ። ግን ሰውዬው ጨርሶ ተሳስቷል ማለት አልችልም። እኛ አካባቢ ብዙ ወንበር የሚወሰነው ኖቬምበር ላይ ሳይሆን ጁን ላይ፣ በዴሞክራቶች ፕራይመሪ ነው። እሱን መንገድ ለመሞከር ካሰብክ አንድ ነገር አትርሳ፤ ፕራይመሪ ተሸንፎ «በቃ በግሌ እገባለሁ» የለም። ሕጉ ይከለክላል። ቀኑም አንድ ነው፤ የፕራይመሪው ቀን የግል ተወዳዳሪ ወረቀት የሚያስገባበት የመጨረሻ ቀን ነው። አንዱን መምረጥ አለብህ።

ሁለተኛው «ድምፅ ትከፋፍላለህ» ያለህ ያሰበበት ሰው ነው። የኒውፖርት ኒውስን፣ የዚሁ የቨርጂኒያን ከተማ፣ ታሪክ ታውቃለህ? በ2017 በ94ኛው ዲስትሪክት ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስና ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ ተፋጠጡ። ሦስተኛም ዕጩ ነበረ። ድጋሚ ሲቆጠር ሳይመንድስ በአንድ ድምፅ መራች። በማግስቱ ፍርድ ቤት አንድ አከራካሪ ወረቀት አየ። መራጩ ሁለቱንም ስም አጥቁሮ፣ በአንደኛዋ ላይ ሰርዞበታል። ለያንሲ ተቆጠረ። 11,608 ለ11,608! ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ ሁለቱን ስም በድሮ የፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ከተው፣ የሸክላ ሳህን ውስጥ አስገብተው ዕጣ አወጡ። ዕጣው ለያንሲ ወጣ። በዚያ ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቀጠሉ።

እንግዲህ ሦስተኛው ዕጩ ያን ቀን ማታ ምን እንደተሰማው አስብ። ሰው ሁሉ ጣቱን ይቀስርበታል። እኔ በበኩሌ መወዳደር መብቱ ነው ባይ ነኝ፤ ድምፅ የማንም ፓርቲ ንብረት አይደለም። ግን «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ማንንም አልጎዳም» ብለህ ራስህን አትሸንግል። ለጥያቄው መልስ ይዘህ ውጣ፤ በየደጃፉ ይጠየቃል። ወንበርህ ላይ ሁለቱ ፓርቲዎች በምን ያህል ድምፅ እንደሚበላለጡ ያለፉትን ሁለት ምርጫዎች ውጤት አይተህ ቁረጥ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ማንንም አታስገባም፣ ማንንም አታስወጣም። ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣህ የቤት ኪራዩ ብቻ አይሆንም።

በግል ያሸነፈ የለም እንዴ? አለ። ሌሲ ፐትኒ የሚባሉ የቤድፎርድ ሰው ከ1962 እስከ 2014 ዴሊጌት ሆነው 52 ዓመት ተቀምጠዋል። ከ1967 ጀምሮ በግል ነው የተወዳደሩት። በ2002 ለጥቂት ጊዜ አፈ ጉባኤ ሆነው ምክር ቤቱን መርተዋል። መጀመሪያ የገቡት ግን ዴሞክራት ሆነው ነው። ሰው ካወቃቸው በኋላ ነው የፓርቲውን ካባ ያወለቁት። በኋላም ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ይሰለፉ ነበር። ምክንያት አለው፤ ኮሚቴ የሚመድበው አፈ ጉባኤው ነው፤ ብቻህን ቆመህ የበጀት ኮሚቴ በር አይከፈትልህም። ካትሪን ዋዴል ደግሞ በ2005 በሪችመንድ አካባቢ በግል ተወዳድረው ወንበሩ ላይ የነበረውን ተመራጭ አሸነፉ። በ2007 ተሸንፈው ወጡ። የእኛንም አገር ካነሣን፣ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ በኋላ በ1997 ዓ.ም ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገብተዋል። አየህ፣ ሦስቱም ስማቸው ከወረቀቱ በፊት እዚያ አገር የታወቀ ነው። አንተን ጋራዡ ያውቅሃል። ጋራዡ ውስጥ የሚያቆሙት ሰዎች የት እንደሚኖሩ ግን ታውቃለህ?

ሦስተኛውን ጓደኛህን ከላይ መልሼለታለሁ። 38 በለው።

የያዝከው ጉዳይ ግን ትክክለኛ ቦታው ነው። ብዙ ሰው ስለ ኪራይ የከተማ ምክር ቤት ሄዶ ይጮኻል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማ ስቴቱ ካልፈቀደለት ሥልጣን የለውም። ኪራይ በዚህ ያህል ብቻ ይጨምር ብሎ አሌክሳንድሪያ ብቻዋን መወሰን አትችልም። ቁልፉ ሪችመንድ ነው። ይሄን በአንድ ዐረፍተ ነገር ደጃፍ ላይ መናገር ከቻልክ ግማሹን ሥራ ሠራህ። ረጅም ንግግር አታጥና። ሊፍቱን አስታውስ።

ገንዘብን በአጭሩ። ቨርጂኒያ ለአንድ ዕጩ የሚሰጥ ገንዘብ ጣሪያ የለውም፤ ባለጠጋው የፈለገውን ያህል ለተፎካካሪህ ይሰጣል። አንተ የመጀመሪያዋን ዶላር በተቀበልክ በ10 ቀን ውስጥ የምርጫ ኮሚቴህን ማስመዝገብ አለብህ። የባንክ አካውንቱ ከቤትህ የተለየ ይሁን። በድምሩ ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራው፣ አሠሪው ይመዘገባል። «ከዕቁቡ የተሰጠ» ብለህ ጥሬ ብር በፖስታ አትቀበል። ማን እንደሰጠ ካልታወቀ ጣጣው ላንተ ነው። ታክስ ሠሪ ስለሆንኩ አይደለም የምለው። እሺ፣ ትንሽ ስለሆንኩም ነው።

ባለቤትህን ትቼ አልሄድም። ዝምታዋን እንደ ፈቃድ አትቁጠር። ቁጭ በልና በቁጥር አሳያት። የዴሊጌት ደሞዝ ለብዙ ዓመት የቆየው በዓመት 17,640 ዶላር ነው። ስብሰባው በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ይጀመራል፤ በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ 46። ብታሸንፍ የመጀመሪያህ 2028 ስለሆነ 60 ቀን ነው። ሪችመንድ ካንተ ቤት መቶ ማይል ገደማ ነው። በክረምት፣ በበረዶ። ልጆቹን ማን ያደርሳል? ጋራዡ ሁለት ወር ይሰጥሃል? ይሄ ካሸነፍክ ነው። ከማሸነፍህ በፊት ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ኖቬምበር ማታና ቅዳሜ እሑድህ የለም። የኔ ወዳጅ ሚስት ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? «ተወዳደረ ብዬ አልተቆጣሁም። ሳይጠይቀኝ ስልኬን ፍላየሩ ላይ ስላተመው ነው» አለችኝ።

ምክሬን በግልጽ ልንገርህ፤ በ2027 አትወዳደር አልልህም። ግን ከአሁኑ ጀምረህ፣ ፎርም ሳትይዝ፣ በዲስትሪክትህ ውስጥ ሦስት ሕንፃ ምረጥና በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት አንኳኳ። ስለ ምርጫ አትናገር፤ ስለ ኪራይ ጠይቅ። ስምና የበር ቁጥር ደብተርህ ላይ ጻፍ። እስከ ገና ሁለት መቶ ስም ከሞላ፣ ጃንዋሪ ላይ ደውልልኝ። ካልሞላ፣ የስኩል ቦርድ ወይም የከተማ ምክር ቤት ምርጫን እይ። እዚያ ወረቀቱ ላይ የማንም ፓርቲ ስም አይጻፍም፤ ሁሉም እንዳንተ ብቻውን ነው የሚታየው። ለዴሊጌት ግን የፓርቲ ስም ይታተማል፤ አንተ «ኢንዲፔንደንት» ተብለህ ከፓርቲዎቹ በታች ትመጣለህ።

በዚሁ ጉዳይ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎችም ነበሩ።

«ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። የሠፈራችን ልጅ በግሉ ሊወዳደር ነው። ልፈርምለት? ላሰባስብለት? ገንዘብስ? ዱባይ ያለችው እህቴም መርዳት ትፈልጋለች።» — ከፎልስ ቸርች

እህቴ፣ አትፈርሚ። ፈራሚ የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት፤ ስምሽ ዝርዝሩ ላይ ቢገኝ ለሱም ላንቺም ራስ ምታት ነው። ለመራጭነት መመዝገብ ደግሞ ጭራሽ እንዳታስቢው፤ የዜግነት ጉዳይሽን ያበላሻል። ማሰባሰብ ግን ትችያለሽ። ፎርሙ የሚጠይቀው ዕድሜሽ የደረሰ፣ በአሜሪካ ሕጋዊ ነዋሪ የሆንሽ፣ በከባድ ወንጀል መብትሽ ያልተነጠቀ መሆኑን ነው። በኔ ልምድ ግሪን ካርድ ያላቸው ልጆች ናቸው ጎበዝ አሰባሳቢዎች፤ ራሳቸው መፈረም ስለማይችሉ ሰውን በደንብ ይጠይቃሉ። ጀርባውን መፈረም አትርሺ! ገንዘብም ግሪን ካርድ ያለው ሰው መስጠት ይችላል። የእህትሽን ግን አትቀበሉ። ዜጋም ግሪን ካርድ ያላትም ካልሆነች ፌዴራል ሕጉ ለየትኛውም የአሜሪካ ምርጫ፣ ለስቴትም ለከተማም፣ እንዳትሰጥ ይከለክላታል። እሷ ልካ አንቺ በስምሽ ብታስገቢውም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

«እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ዜጋ ሆናለች። እንግሊዝኛ አታነብም፣ ወገቧም አያቆማትም። የምርጫው ወረቀት በአማርኛ ይመጣላት ይሆን?» — ከስፕሪንግፊልድ

አይመጣም። ዲሲ ያሉ ዘመዶቻችሁ የምርጫ መረጃ በአማርኛ ሲደርሳቸው አይታችሁ ይሆናል፤ ያ የዲሲ የራሷ የቋንቋ ሕግ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ወረቀት እንዲተረጎም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ሕንዶችና ለአላስካ ተወላጆች ቋንቋዎች ነው። አማርኛ ስንት ሰው ቢናገረው እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የአፍሪካ ቋንቋ የሚባል ክፍል የለውም። እኔ ይሄን ባነሣሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ግን እናትሽ ብቻቸውን አይደሉም። ማንበብ የማይችል ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው እስካልሆነ ድረስ። አንቺ መሆን ትችያለሽ። እዚያው አጭር ፎርም ትሞላላችሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን በሙሉ አንብቢላቸው፤ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ከኖቬምበሩ ቀን 45 ቀን ቀድሞ በአካል መምረጥ ይጀመራል፤ ያኔ ሰልፍ የለም። ወገባቸው ካስቸገራቸው ደግሞ ከመኪና አይውረዱ። 65 ዓመት የሞላው ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ መምረጥ ይችላል። የተመደበውን ቦታ አይተሽ መኪናውን አቁሚ፣ ምልክቱ ላይ ያለውን ስልክ ደውዪ። ወረቀቱን እመኪናው ድረስ ያመጡላቸዋል።